ደም መጣጯን «ግቢ» የሚሉ ሰዎች

አስመራ ውስጥ ደም መጣጭ ሊያድን የተነሣ ሰው ሁሉ የሚሞተው አንዲት በር ላይ ነው። ተኩላውን ይገድላል፣ የሌሊት ወፉን ይበትናል፣ የመቃብሩን ቦታ በነጭ ሽንኩርትና በመስቀል ይሻገራል፤ ከዚያ አንዲት ሴት በር ታንኳኳበታለች፣ ያልቅለታል። ሴትዮዋ ሰይፍ አልመዘዘችበትም። «በረደኝ፣ ልግባ?» ነው ያለችው። ጀግናችንም «ግቢ እንጂ፣ ይኼ ምን ይጠየቃል!» ብሎ ይከፍትላታል። ግድግዳው በደም ይቀባል፣ ኮምፒዩተሩ የቀብር ሙዚቃ ያሰማል፣ ጀግናችን ጭንቅላቱን ይዞ «ኣንታ፣ ዛሬም ከፈትኩላት እኮ!» ይላል።

ይህ የደጋግ ሰዎች ታሪክ ነው። ደግነታቸውን ራሳቸው የሚመሰክሩ፣ እንግዳ ወዳድ፣ በራቸው የማይዘጋ። እኔ ደግ አይደለሁም። በሩን ያልከፈትኩት እኔ ብቻ ነኝ፤ በዚህ ያገኘሁትንም ታያላችሁ።

መጀመሪያ ማን እንደሆንኩ ልናገር። አስገዶም እባላለሁ። የተወለድኩት እዚሁ አስመራ ነው፤ ጥርሴን የነቀልኩት ግን አዲስ አበባ፣ አባቴ ለሥራ ብሎ ይዞን ከሄደ በኋላ። ትምህርቴን ስድስተኛ ክፍል ላይ ነው የተውኩት፣ እሱም በአማርኛ። ለዚህ ነው በአማርኛ የምጽፈው፤ ቅር የሚለው ካለ ይለፈው። ነፃነት ሲመጣ ሁሉም ወደ አገሬ ሲል እኔም ወደ አገሬ አልኩ። አገሬ ደግሞ አፌን እስክከፍት ጠብቆ «አምቸ» አለኝ። አዲስ አበባ ካለ የመኪና መገጣጠሚያ የተወሰደ ስም ነው። ዕቃው ከሌላ ቦታ መጥቶ እዚያ የተገጣጠመ፣ ማለታቸው ነው። እየሳቁ ነው የሚሉት። እነሱ እየሳቁ የማይሉት ነገር የለም።

የገባሁ ቀን በጭነት መኪና፣ ሽንኩርት በሞላው ጆንያ ላይ ተቀምጬ ነበር። ሻንጣዬን ይዤ በቀጥታ ወደ ጥራቮሎ ሰፈር፣ ወደ ሟቹ አጎቴ ቤት ሄድኩ። እሑድ ነበር፣ ምሳ ሰዓት። የአጎቴ ሚስት ኣደይ ጽገረዳ፣ እናቴ ጽገረዳ እንደማለት ነው፣ አቅፈው ሳሙኝ፣ አባቴን አንሥተው አለቀሱ። ልጃቸው ልዑልም ነፃ የወጣችውን አስመራ አያለሁ ብሎ ከጀርመን መጥቶ ነበር፤ እንደ ቄስ ልብስ የረዘመ ካፖርት ለብሶ፣ በዚያ ፀሐይ። ትሪው ቀርቧል። የዶሮው ሽታ እስከ ውጭ በር ይደርስ ነበር፤ እኔ ደግሞ ከትናንት ጀምሮ ከሽንኩርት ሽታ ሌላ የቀመስኩት አልነበረም።

«ንዓ ብላዕ» አሉኝ ኣደይ ጽገረዳ። ና ብላ።

«በሊዐ እየ» አልኩ። በልቻለሁ።

እዚህ ላይ ቆም በሉልኝ። ሰው ያሳደገው ሰው መጀመሪያ «ብላ» ሲባል ዘሎ ትሪ ላይ አይወድቅም። የመጀመሪያው እምቢታ ሰላምታ ነው። ከዚያ ባለቤቱ «ብሞተይ!» ይላል፣ በሞቴ ማለት ነው፤ አንተም «እውነቴን ነው፣ ጠግቤአለሁ» ትላለህ። ይኼኛው አክብሮት ነው። ሦስተኛው ላይ እጅህን ይይዝና ይጎትትሃል፤ ያኔ እምቢ የሚባል ነገር የለም፣ ትበላለህ። እናቴ እንዲህ ነው ያሳደገችኝ፤ እናቴም እዚህችው አስመራ ነው የተማረችው፣ ከሌላ አላመጣችውም።

ኣደይ ጽገረዳ «ብሞተይ» ሊሉ አፋቸውን ከፍተው ነበር። አይቻለሁ። ልዑል ቀደማቸው።

«ተይው ማማ፣ በልቻለሁ አለ እኮ። ጀርመን አገር ሰው ናይን ካለ ናይን ነው፤ አልፈልግም ካለ አልፈልግም ነው። ሰውን ማስጨነቅ ነውር ነው።»

እናቱ ልጃቸውን አዩት፤ ሰው ሆኖ መጣልኝ በሚል ዓይን። እጃቸውን ወደ ትሪው መለሱ። በሉ። እኔ በር አጠገብ ካለችው ወንበር ላይ ሻንጣዬን ጉልበቴ ላይ አድርጌ የአጎቴን ፎቶ ሳይ ቆየሁ። አጎቴም ከግድግዳው ላይ አየኝ። ልዑል አጥንቱን ሲቆረጥም እሰማ ነበር።

ይኼ ነው። ትንሽ ነገር ነው ትሉ ይሆናል። ትንሽ ከሆነ ለምን እስካሁን አልወጣልኝም?

ከዚያ በኋላ ኑሮዬ ወደ ዓዲ ኣበይቶ በሚወስደው መንገድ ዳር ሆነ፤ ጎሚስታ ነኝ፣ ጎማ እለጥፋለሁ። ክረምትም በጋም ውጭ። ሰው መኪናው ውስጥ ቁጭ ብሎ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ ያዝዘኛል፤ እኔ አስፋልት ላይ ተንበርክኬ እሠራለሁ። ልክ እንደ ነፋስ ማንም የማያየው ሰው መሆን ምን እንደሆነ መንገድ ዳር የሠራ ያውቀዋል። አንድ ነገር ብቻ እመኝ ነበር፤ ከበር በስተ ውስጥ መቀመጥ። ጣራ ያለው፣ በር ያለው፣ ቁልፉ እኔ ኪስ ውስጥ የሆነ ቦታ።

ልዑል ከጥቂት ዓመታት በኋላ እንደገና መጣ። ገንዘባችን ገና ብር ነበር፣ ናቅፋ አልታተመም። በዚህኛው ጊዜ ካፖርቱን ትቶ ኮምፒዩተሮች ይዞ ነበር። ጸጸራት ሰፈር ውስጥ የአባቱ የጫማ መደብር የነበረውን ክፍል አስጠርጎ «ቤት ጸወታ» ብሎ ጻፈበት፤ መጫወቻ ቤት። የጫማ መደርደሪያዎቹን አላነሣም። የሴት ጫማ ይደረደርበት የነበረው ላይ ኮምፒዩተር ቁጭ አለ። ተጫዋቹ የሚቀመጠው ደግሞ ደንበኛ ጫማ ሲለካ ይቀመጥባት በነበረችው ዝቅ ያለች በርጩማ ላይ ነው፤ ጉልበቱ ጆሮው ሥር ይደርሳል። ልጆች ትንንሾቹ ላይ ኳስ ይጫወታሉ። ትልቁ ኮምፒዩተር የአዋቂ ነበር። እሱ ላይ የደም መጣጯ ጨዋታ አለ።

ጨዋታው እንዲህ ነው። አንተ አዳኝ ነህ። መጀመሪያ ምንም የለህም፤ ቡትቶ ልብስና የእንጨት ዱላ። አውሬ በገደልክ ቁጥር ጉልበትህ ይጨምራል፤ ሰይፍ ታገኛለህ፣ መስቀል ታገኛለህ፣ ነጭ ሽንኩርት ትሰበስባለህ። ሁልጊዜ ጉም ነው፤ ክረምት ላይ ከምጽዋ መንገድ የሚወጣውን ጉም ይመስላል። መጨረሻ ላይ ተራራው ላይ ያለው ቤተ መንግሥት ገብተህ ደም መጣጮቹን በየሬሳ ሣጥናቸው ደረታቸው ላይ ሹል እንጨት ትተክልባቸዋለህ። ከዚያ በፊት ግን አንድ ሌሊት የገበሬ ቤት ታድራለህ። ሽማግሌ አለ፣ ሚስቱ አለች፣ አልጋ ውስጥ ሕፃን አለ። ዶሮ እስኪጮህ ጠብቃቸው ትባላለህ። በዚያች ሌሊት ነው የሚንኳኳው።

ቋንቋው ጀርመንኛ ስለሆነ ልዑል አስተርጓሚ ሆኖ ተኮፈሰ። እንዲያውም ሕጉን ሳይደብቅ ነግሯቸዋል፤ ይህን ልብ በሉልኝ።

«ደም መጣጭ ካልተጋበዘች መግባት አትችልም» አለ። «ሕጓ ነው። ‹ያ›፣ አዎ ማለት ነው፣ ካልክ ትገባለች። ናይን ካልክ ውጭ ትቀራለች።»

«ሳይጋበዝ የማይገባ?» አሉ ባለ ታክሲው ተወልደመድኅን። ሽማግሌ ናቸው፤ ቢጫዋን ታክሲ በር ላይ አቁመው ደንበኛ ሲጮኽላቸው እንኳ የማይሰሙ። «ጨዋ ናት በለኛ! የኔን ጎረቤቶች ሕጉን አስተምርልኝ።»

ሁሉም ሳቀ። ሁሉም ሕጉን ሰማ። ከዚያ ሁሉም ከፈተላት።

ተወልደመድኅን ገና «ኳ ኳ» ሲል በአፋቸው «እተዊ!» ይላሉ፣ ግቢ ማለት ነው፤ ጣታቸው ከአፋቸው ጋር አብሮ ይሄዳል። «እያወቅሁ እኮ ነው፣ እጄ ነው እምቢ የሚለኝ» ይላሉ። ሰረቀብርሃን ደግሞ አለ፤ ጥራቮሎ የሚያስተምር መምህር፣ ድምፁ ለስላሳ፣ ለዝንብ እንኳ ይቅርታ የሚጠይቅ ዓይነት። እሱ ያስባል። አገጩን ይዞ «ዛሬ እውነተኛ መንገደኛ ብትሆንስ?» ይላል። «መምህር፣ ትናንትም ነክሳሃለች እኮ» ይሉታል። «ትናንት ትናንት ነው» ብሎ ይከፍታል። ትነክሰዋለች። በማግሥቱ ይመጣል፣ ያስባል፣ ይከፍታል። ሰፈሩ ሁሉ እንዲህ ነው። ፀጉር አስተካካዩ፣ የባር ቤት ገንዘብ ተቀባዩ፣ ከቢሮ የሚወጡት ባለ ከረባቶች፤ ማንም ከዚያች በር አላለፈም። አንዱ እንዲያውም ከፍቶላት ሲያበቃ «ሻሂ የሚባል ምርጫ የለም?» ብሎ ጠይቋል። እግዜር ያሳያችሁ።

እኔ ከሥራ ስመለስ በር ላይ ቆሜ እመለከት ነበር። ለገዛ ዘመዳቸው ሁለተኛ ጊዜ «ብላ» ማለት የከበዳቸው ሰዎች ዘመድ ጓደኛ፣ ጥርሷ ለሚታይ ደም መጣጭ እየተሽቀዳደመ ሲከፍት አያለሁ።

አንድ ቀን ልዑል እጁን አጨበጨበ። ወደ ፍራንክፈርት ሊመለስ ነው፤ ቤቱን የሚይዝለት ሰው ይፈልጋል።

«ጨዋታውን የጨረሰ ቁልፉን ይረከባል» አለ። «ደንበኛ ሲጠይቅ ማሳየት የሚችል ሰው ነው የምፈልገው። ዘመድ ወዳጅ የለም። ማንም ይሁን።»

ማንም ይሁን። ጣራው፣ በሩ፣ ቁልፉ። ገባሁና በርጩማዋ ላይ ተቀመጥኩ።

«ኦ! አምቸም ሊያድን ነው!» አለ ልዑል። «ቀስ በል፣ ይኼ ጎማ አይደለም።»

«ጎማማ የሚያስቸግር ነገር ነው» አልኩት። «ይኼ እኮ ያንተ ሥራ ነው።»

ተሳቀ። በሱ ላይ ስለተሳቀ ደስ አለኝ።

ሞቻለሁ፤ አልዋሽም። ተኩላ በልቶኛል፣ ጉድጓድ ገብቻለሁ፣ ነጭ ሽንኩርቱን እንደ ሞኝ መጀመሪያ ላይ ጨርሼዋለሁ። ግን እየመጣሁ እየተቀመጥኩ ለመድኩት፤ ልዑል ሊሄድ ሳምንት ሲቀረው የገበሬው ቤት ደረስኩ። ከሰዓት በኋላ ነበር፣ ከኋላዬ ሰው ሞልቷል። በዕለቱ ኣደይ ጽገረዳም ለልጃቸው በቴርሞስ ሻሂ ይዘው መጥተው፣ የድሮው የባላቸው ወንበር ላይ ተቀምጠው ነበር። ኮምፒዩተር ወደው አያውቁም፤ የሚያወራ ነገር ስለሆነ ግን ያያሉ።

ተንኳኳ።

«መን እያ?» አሉ ኣደይ ጽገረዳ፣ ማናት። ልክ የራሳቸው በር እንደተንኳኳ።

«መንገድ ጠፍቶብኛል ነው የምትለው» አለ ልዑል። «ብርድ ነው፣ አስገቡኝ።»

ናይንን ተጫንኩ።

ማንም ይህን ምርጫ ከዚህ በፊት ስላልነካው ቀጥሎ ምን እንደሚመጣ ማንም አያውቅም። ጉሙ ተንቀሳቀሰ። እንደገና ተንኳኳ፣ ቀስ ብሎ።

«ምን አለች?» አሉ ተወልደመድኅን።

ልዑል አንገቱን ወደ ማሳያው አስጠጋ። «ልጅ ይዣለሁ እያለች ነው።»

«ኣንታ ክፈተላ!» አሉ ሽማግሌው፣ ክፈትላት እንጂ። ትከሻዬን ያዙኝ። «ልጅ ይዛለች!»

«ልጅ የላትም። ደም መጣጭ ናት።»

«የት አየሃት? በሩ ዝግ ነው!»

ናይን።

ሦስተኛው ላይ ለቅሶ መጣ። ኮምፒዩተሩ ውስጥ ያስለቀሷት ጀርመናዊት የሠራችው ሥራ ግሩም ነው፤ ሰረቀብርሃን ዓይኑን ወደ መሬት አደረገ። ኣደይ ጽገረዳ ከወንበራቸው ተነሥተው ነበር። «ወደይ» አሉኝ፣ ልጄ ማለት ነው፣ «አንድ ጊዜ ክፈትና እያት። ካልሆነ መልሰህ ትዘጋዋለህ።» ሦስት ጊዜ ለለመነች ሴት! ሦስት ጊዜ! ይህ ሁሉ ሰው ለሥዕል ሊያለቅስ ነው! እኔ ያን እሑድ በራቸው አጠገብ ስቀመጥ የሁለተኛዋን ልመና ያህል እንኳ የጠበቀኝ አልነበረም።

«ናይን ካለ ናይን ነው» አልኩ በልዑል ቋንቋ፣ ፊቱን እያየሁ። ተጫንኩት።

ያኔ በመስኮቱ በኩል ፊቷ መጣ። እንደ ኖራ የነጣ፣ ጥርሷ እስከ አገጯ። ልጅ አልያዘችም። መስተዋቱን በጥፍሯ ፋቀችው፣ ጮኸች፤ ዶሮው ሲጮህ አመድ ሆና ነፋስ ወሰዳት። ገበሬው ሽማግሌ ተነሣ፣ ሕፃኑ ሳቀ፣ ፀሐይ ወጣች። በዚህ ቤት ፀሐይ ስትወጣ ያየ ማንም አልነበረም።

ያጨበጭባሉ ብዬ ዞር አልኩ።

ተወልደመድኅን እጃቸውን ከትከሻዬ ላይ አነሡ።

«ቢሆንም» አሉ።

«ምን ቢሆንም?»

«ሳታያት ነው እምቢ ያልካት።»

የቤተ መንግሥቱ ጉዳይ ከዚያ በኋላ ቀላል ነበር። ሬሳ ሣጥን ከፍቶ እንጨት መትከል ለጎሚስታ ምኑ ይከብዳል? በሁለት ቀን አጠናቀቅሁት። የደም መጣጮቹ ጌታ ደረት ላይ የመጨረሻውን ስተክል ማሳያው ላይ ስሜ ወጣ፤ አስገዶም፣ በላቲን ፊደል፣ በወርቅ። አጠገቤ የነበረው ሰረቀብርሃን ብቻ ነው እጄን የጨበጠኝ። «ጎበዝ» አለ። ከዚያ ቀስ ብሎ «ግን አልከበደህም?» አለኝ።

ልዑል ሊሄድ ዋዜማው ላይ ሁላችንንም ሰበሰበን። ቁልፉ በእጁ ነው፤ የአጎቴ ቁልፍ፣ ከባድ፣ ጥንት ጣሊያን የሠራው። አጥቤ የመጣሁትን እጄን ልዘረጋ ስል ኣደይ ጽገረዳ «ቆይ» አሉ።

ቤቱ የሳቸው ነው። ልዑል ኮምፒዩተር ያምጣ እንጂ ግድግዳው፣ በሩ፣ ቁልፉ የሳቸው ነው።

«አስገዶም ወደይ» አሉኝ፣ «ጨዋታውን ጨርሰሃል፣ እግዜር ይባርክህ። ግን ይህ ቤት የአጎትህ ቤት ነው። አጎትህ ጫማ ሳይገዛ የሚወጣውን እንኳ ቁጭ አድርጎ ሻሂ ሳያጠጣ አልሰደደም። በር ላይ የሚቀመጠው ሰው፣ ሰው የሚያስገባ መሆን አለበት። እኔ ባንተ ፈራሁ። እያለቀሰች...»

«ኣደይ፣ ደም መጣጭ ነበረች እኮ። አይተዋታል።»

«በኋላ ነው ያየነው» አሉ።

ወደ ልዑል ዞርኩ። «ማንም ይሁን ብለህ ነበር። ጀርመን አገር ‹ያ› ካሉ ‹ያ› አይደለም እንዴ? ወይስ ጀርመንኛው የሚሠራው እኔ ሲርበኝ ብቻ ነው?»

«የምን ረሃብ?» አለ።

«የመጣሁ ቀን። እሑድ። በልቻለሁ አልኳችሁ።»

ልዑል እናቱን አየ፣ እናቱም እሱን። ያን እሑድ ፈለጉት፣ እንደ ጠፋ መርፌ። አላገኙትም። አንዳቸውም አላስታወሱትም! እኔ በየሌሊቱ የምተኛበት፣ በየጎማው ሥር የማገኘው ነገር፣ እነሱ ዘንድ ከነጭራሹ የለም።

«ከራበህ ለምን በልቻለሁ አልክ?» አለ ልዑል። ከልቡ ማወቅ ፈልጎ ነበር።

«ቁልፉን ለፈለጋችሁት ስጡ» አልኩ።

ለሰረቀብርሃን ሰጡት። በየቀኑ ከፍቶ ለሚነከሰው። አሰጣጡን ግን ልንገራችሁ፤ እሱን ካልነገርኳችሁ ምኑን ጻፍኩት። ኣደይ ጽገረዳ ቁልፉን ሲዘረጉለት ሰረቀብርሃን እጁን ወደ ኋላ ሰበሰበ። «ኣይፋል» አለ፣ አይሆንም ማለት ነው፣ «ያሸነፈው አስገዶም ነው።» «ብሞተይ!» አሉ እሳቸው። «እኔ አልበቃም፣ ማስተማሩም አለብኝ» አለ። ልዑል ጀርመንኛው ጠፍቶት «እንዴ መምህር፣ እባክህን!» አለው። ተወልደመድኅን እጁን ይዘው ጎትተው መዳፉን ከፈቱት። ሦስተኛው ላይ ቁልፉ ኪሱ ገባ። እንዴት አድርገው እንደሚለምኑ ያውቁበታል! ሲፈልጉ አንዷን አያጎድሏትም። በዓይኔ አየሁ፣ ወጣሁ።

ሰረቀብርሃን ቤቱን እንዴት እንደያዘው ለማየት መማር አያስፈልግም። ከትምህርት ቤት ሲወጣ ይከፍታል፤ የመጣው ሁሉ ይገባል። የሚጫወተውም፣ የማይጫወተውም፣ ዝናብ የያዘውም፣ ጋዜጣ የሚያነበውም። ከፌርማታው አውቶቡስ የሚጠብቁ ሁሉ እዚያ ሆነ የሚጠብቁት። በርጩማዎቹ ላይ ሽማግሌዎች ተቀምጠው ልጆቹ ቆመው ይጫወታሉ። መጫወቻ ቤት ነው ወይስ መጠለያ? የሱ ጨዋታ ደግሞ ያው ነው። ያስባል፣ ይከፍታል፣ ትነክሰዋለች።

እኔ በዚያ በኩል ማለፍ ትቼ ነበር። አንድ ቀን ግን ደንበኛ ጎማ ይዤለት እንድሄድ ጸጸራት ላከኝ፤ ስመለስ ሰረቀብርሃን ከውስጥ በተከፈተው በር አየኝ።

«አስገዶም! እቶ!» ግባ።

«ቸኩያለሁ» አልኩ።

«እቶ እንጂ!»

«እጄ ቆሻሻ ነው፣ ሌላ ቀን።»

ወጥቶ መጣ። ቅባት በነካው እጅጌዬ ያዘኝና ጎተተኝ። ነጭ ሸሚዙ ላይ የጣቴ ምልክት ቀረ፤ አላየውም፣ ወይም አይቶ ዝም አለ። ስለሱ ምንም ደግ ነገር መጻፍ አልፈልግም። ይኼን ግን አድርጓል።

ውስጥ ያው ሰዎች ናቸው። ኣደይ ጽገረዳም ቴርሞሳቸውን ይዘው የባላቸው ወንበር ላይ አሉ፤ ልጃቸው ከሄደ በኋላ መምጣቱን አልተዉም። ሰረቀብርሃን ትልቁ ኮምፒዩተር ላይ አስቀመጠኝ። የገበሬው ቤት ደርሶ ነበር፤ እስክታንኳኳ ሲጠብቅ ነው እኔን ያየኝ።

«ሻሂ ስተ» አሉኝ ኣደይ ጽገረዳ። ጠጣ።

«ሰትየ እየ» አልኩ። ጠጥቻለሁ።

«ሕራይ» አሉና፣ እሺ ብለው፣ የቴርሞሱን ክዳን መግጠም ጀመሩ።

ይኸው፣ አልኩ በልቤ። ያው ናቸው። ወደ ማሳያው ዞርኩ።

የክዳኑ ድምፅ ቆመ። ዞር አልልም ብዬ ነበር፣ ዞርኩ። ክዳኑን እንደያዙ ያዩኛል፤ ከዚያ በፊት በዚያ ዓይን አይተውኝ አያውቁም፣ የሆነ የጠፋ ነገር ፊቴ ላይ እንደሚፈልጉ። ከዚያ ክዳኑን መልሰው ፈቱት።

«ብሞተይ» አሉ።

«እውነቴን ነው ኣደይ፣ አሁን ነው የጠጣሁት።»

ሦስተኛውን በአፋቸው አላሉም። ቀድተው፣ ተነሥተው፣ በርጩማዬ ድረስ መጥተው ብርጭቆውን መደርደሪያው ላይ ከእጄ አጠገብ አስቀመጡት። ሄደው ተቀመጡ። ማንም ምን እንደሆነ አላወቀም፣ እኔና እሳቸው ካልሆንን። እሳቸውም ማወቃቸውን እንጃ።

ሻሂው ቀዝቅዟል። ስኳሩ በዝቷል። እንዲህ ዓይነት ሻሂ በገንዘቤ ብገዛ እመልሰው ነበር። ጠጣሁት፣ እስከ አተላው።

ብርጭቆውን ሳስቀምጥ ኮምፒዩተሩ ውስጥ በሩ ተንኳኳ።

«ክፈተላ!» አሉ ተወልደመድኅን ከኋላዬ።

«ዛሬ እውነተኛ መንገደኛ ብትሆንስ?» አለ ሰረቀብርሃን።

«ክፈትላት ወደይ» አሉ ኣደይ ጽገረዳ፣ «ሻሂም አለ።»

አልከፈትኩላትም።